አልጋ ደጅ ያወጣንበት ጽዳት

ልጅን ቤት ማጽዳት በጨዋታ ማስወደድ ይቻላል የሚል ሰው፣ ወይ ልጅ የለውም ወይ ቤት የለውም። እኔ ሁለቱም አለኝ። ስለዚህ የምናገረውን አውቃለሁ፤ ያወቅሁት ግን ከሆነ በኋላ ነው። ከሆነ በኋላ ማወቅ ደግሞ ዝናብ ካባራ ወዲያ ጣራ እንደ መድፈን ነው፤ ለከርሞ ካልሆነ ለዘንድሮ አይረባም። ለከርሞ ደግሞ ማን አለ?

ነገሩ የጀመረው ከሚስቴ ጎን ነው። ጥሩወርቅ ክረምቱን ሙሉ ጎኔን ጎኔን ስትል ከርማ፣ መጨረሻ ላይ ሐኪም ቤት ገባችና ሆዷ ተከፍቶ የሐሞት ጠጠር ወጣላት። ጠጠሩን በብልቃጥ አድርገው አሳዩኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ከእኔ ጋር ኖራ ሐሞቷ ጠጠር ብቻ መቋጠሩ ገረመኝ። ቋጥኝ ነበር የጠበቅሁት።

ሐኪሙ እንቅልፍ የራቀው አንድ ቀጭን ወጣት ነው። ወደ ጎን ጠርቶ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቁስሉ ንጹሕ ቤት ይፈልጋል አለኝ። አቧራ ካገኘው ያመረቅዛል፤ ካመረቀዘ እንደገና መከፈት አለበት፤ ሁለተኛ መከፈቱን ሰውነቷ አይችለውም። ቅዳሜ ትወጣለች፤ እስከዚያ ቤትህን አዘጋጅ።

የሱዳኗን የገዳሪፍን አፈር ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስላል። ክረምት ላይ እግር የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ነው፤ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቅና ጎማ ሁሉ እየፈጨ ወደ ሰማይ ይልከዋል። ወደ ፋሽጋ የሚወጣው ትራክተር፣ ከፋሽጋ ሰሊጥ ጭኖ የሚገባው ሎሪ፣ በሁለቱ መካከል የሚሹለከለከው ባለ ሦስት እግር ረክሻ፣ ሁሉም የሚያልፈው በእኛ በር ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ አቧራ እንግዳ አይደለም፤ ባለቤት ነው። እንግዶቹ እኛ ነን። በዚያ ላይ የእኔ ሥራ አለ። በእህል ገበያው የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። ሰሊጥ ሲበጠር፣ ሲነፋ፣ ሲሞላ ከሥሩ ቁጭ ብዬ መርፌ የምገፋው እኔ ነኝ። ጥሩወርቅ ደህና በነበረች ጊዜ፣ ከሥራ ስመለስ በር ላይ አቁማ እንደ ምንጣፍ ታራግፈኝ ነበር። እሷ ስትተኛ አራጋፊ አጣሁ፤ ገበያውን በልብሴ እየያዝሁ ገባሁ።

እህቷ ከኒው ሀልፋ መጥታ ሐኪም ቤት ታስታምማታለች። ቤት የቀረነው እኔና ሦስቱ ልጆች ነን። የመጀመሪያዋ ሰላም ናት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አማርኛ ከእናቷ፣ ዐረብኛ ከሰፈሩ፣ ንቀት ከእኔ የወረሰች ልጅ ናት። ሁለተኛው ያሬድ ነው፤ ሥራው መሮጥ ነው፤ ለምን እንደሚሮጥ እግዜር ያውቃል። ሦስተኛዋ ማሕሌት የወተት ጥርሷን ገና አልጣለችም። ሁለቱ የሚያደርጉትን ሁሉ ከኋላ ተከትላ በአነስተኛው ታደርጋለች፤ ሰላም ድስት ብትሰብር ማሕሌት ሲኒ ትሰብራለች።

ሴት ከቤት ስትወጣ ቤቱም አብሯት ይወጣል የሚሉት እውነት ነው። የቀረን ግድግዳውና ጣራው ነበር። ወለሉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ፣ በፍርፋሪው ላይ ጉንዳን፣ በጉንዳኑ ላይ ዶሮ፣ ዶሮዋን የሚያባርር ያሬድ። ማሕሌት በእናቷ አልጋ ላይ የተለጠፈ ከረሜላ ነበራት፤ የእኔ ነው አትንኩት ትላለች።

ብቻዬን አልችለውምና ልጆቹን አዘዝሁ። አልሰሙኝም። ጮህሁ። ሰሙኝ፤ ግን አልሠሩም። በመጨረሻ እናታችሁ ትታመማለች ብዬ አስፈራራሁ። ማሕሌት አለቀሰች፤ ያሬድ ስላለቀሰች ሰደባት፤ ሰላም ስለሰደባት መታችው፤ ቤቱ እንደነበረ ሆኖ በላዩ ጠብ ተጨመረበት።

እዚህ ላይ ነው ወረቀቱ የገባው። ከመተማ በኩል የሚመጣ በርበሬ የተጠቀለለበት ወረቀት ነው፤ ከአንድ መጽሔት የተገነጠለ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሕፃናት ጋር ጉልበቴን አጥፌ ነው። በስተርጅና ማንበብ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ የተጻፈ ሁሉ እውነት ይመስለዋል። በልጅነቱ የተማረ ሰው ወረቀት ሲዋሽ እያየ ስላደገ ይጠረጥራል። እኔ ለወረቀት ገና አዲስ ነኝ፤ በሰው ላይ ያለኝን ጥርጣሬ ሁሉ ጨርሼ ለወረቀት አልተረፈኝም። ወረቀቱ ልጆች የቤት ጽዳትን እንዲወዱ ከፈለጋችሁ ሥራውን ጨዋታ አድርጉት ይላል። በቡድን ከፍላችሁ አወዳድሯቸው። ዘፈን ጨምሩበት። ላሸነፈ ሽልማት አዘጋጁ። ነገር ግን በምንም ዓይነት፣ ይልና እዚያ ላይ ተቀዷል። ከታች ያለው የሌላ ሰው በርበሬ ተጠቅልሎበት ሄዷል። በምንም ዓይነት ምን እንዳላደርግ ሳላውቅ ቀረሁ። ያልተነበበ ክልክል ደግሞ ክልክል አይደለም።

ውድድር፣ ዘፈን፣ ግብዣ። ሦስቱ ሲሰበሰቡ ምን ይባላሉ? ደቦ ይባላሉ። መጽሔቱ አዲስ ነገር ያወቀ መስሎት ነው እንጂ፣ አርማጭሆ ውስጥ አባቶቻችን ያለ መጽሔት ያውቁት ነበር። አጫጁ በሁለት ወገን ይሰለፋል፤ አውራጁ ያወርዳል፤ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ወገን ከወገን እልህ ይያያዛል፤ ማሳው እንደ ሰደድ እሳት እየተበላ ይሄዳል። ለራሱ እርሻ ከእንቅልፉ የማይነሣ ሰነፍ ለሰው ደቦ ጀርባው እስኪቆረጥ ያጭዳል። ልጅስ ከሰነፍ በምን ይለያል?

ዓርብ ገበያው ዝግ ነው። ጥሩወርቅ የምትወጣው በማግስቱ ነው። ጠዋት ልጆቹን ግቢ ውስጥ አሰለፍሁና ደቦ ነው አልኋቸው። ደቦ ምን እንደሆነ አላወቁም። አስረዳኋቸው። ሰላም ትልቁን ክፍል ያዘች፣ ያሬድ ትንሹን። ክፍሉን ቀድሞ ባዶ ያደረገ፣ የጠረገና የወለወለ ጠሒኒያ፣ የሰሊጥ ጣፋጭ፣ ይበላል፤ የተሸነፈ ያሸነፈው ሲበላ ያያል። ዓይናቸው በራ። እውነቴን ነው፤ በዚያች ሰዓት ያን መጽሔት የጻፈውን ሰው መርቄው ነበር።

ደቦ የጠራ ሰው በሩን አይዘጋም። ጩኸቱን ሰምቶ የሰፈሩ ልጅ ገባ። ከካርቱም ጦርነቱን ሸሽተው ከዘመድ የተጠጉት ልጆች ገቡ፤ የትግሬዎቹ ልጆች ገቡ፤ የማን እንደሆኑ የማላውቃቸውም ገቡ። ሰላም ለራሷ ጎበዝ ጎበዙን መረጠች፤ ያሬድ የሚሮጥ የሚሮጠውን ሰበሰበ። እኔ ራሴን በሻሽ ጠመጠምሁ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ ታጠቅሁ፣ መጥረጊያ ተደግፌ ቆምሁና አወረድሁ። የደቦ ዘፈን ባለቤቱን ያወድሳል፤ የዚህ ደቦ ባለቤት ጥሩወርቅ ናት። ድምፄ ከጆንያ አቧራ ብዛት እንደ ዛገ በር ነው። እንዲህ አልሁ፦

ጥሩዬ ጥሩዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣
ደጅሽ ይጠብቅሻል ተጠርጎ ታብሶ።

ልጆቹ ሆ በል አሉ። አማርኛ የማያውቁትም ሆ ማለት አያቅታቸውም። ዜማው የእኛ አገር የአጨዳ ዜማ ነው፤ ረዘም ያለ፣ ጎተት የሚል፣ ለማያውቀው ሰው ሆድ የሚያባባ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጅ ማውጣት እንጂ ማስገባት አይወድም። ጠራርጉ ብያቸው ነበር፤ እነሱ ቤቱን ሙልጭ አድርገው አወጡት። ፍራሽ ወጣ፣ ሳጥን ወጣ፣ ድስት ወጣ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ከነምስማሩ ወጣ። የውኃ ማሰሮው ሲወጣ ሁለት ሆኖ ወጣ። ኮቴ ከነስልኬ ምስማር ላይ ነበር፤ ከየትኛው ፍራሽ ጋር ተጠቅልሎ እንደሄደ ማንም አላየም። ግቢያችን ጠባብ ናት፤ ወዲያው ሞላች። ያሬድ መሸነፉ ሲገባው የእሱን ዕቃ በሩን አሳልፎ መንገድ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሰላም አታለልህ ብላ ተቆጣች፤ ቀጥሎ እሷም መንገድ ላይ አወጣች፤ ግን የእሷ በሥርዓት ነው። የገመድ አልጋዎቹን በግንቡ ጥግ ግራና ቀኝ ደረደረቻቸው፣ በመካከል ሰሌን አነጠፈች። ፀሐዩ ሲበረታ ከገበያ ያመጣሁትን የሰሊጥ መሸፈኛ ሸራ አውጥተው ከግንቡ እስከ ኒም ዛፉ ወጠሩት። ማሕሌት በጣሳ ውኃ እየቀዳች አቧራው እንዳይነሣ መሬቱን ትረጫለች። ማንም አላዘዛትም።

እኔ ይህን እያየሁ ደረቴ ተነፋ። ልጆቼ ሰው ሆኑ አልሁ። ኸላስ፣ ክፍሉ ባዶ ነው፣ አለችኝ ሰላም፤ አለቀ የሚለውን በአማርኛ ለመፈለግ አልታገሠችም። እኔም ዘፈኑን ከፍ አደረግሁ።

እዚህ ከተማ የማይኖር አንባቢ እስካሁን ምንም አልታየው ይሆናል። የሚኖር ግን እጁን አገጩ ላይ አድርጓል። ገዳሪፍ ላይ አልጋ መንገድ ዳር ተደርድሮ፣ ሸራ ተወጥሮ፣ መሬቱ ውኃ ተረጭቶ ካያችሁ አትጠይቁም። ብካ ይሉታል፤ ለቅሶ ነው። ወንዶቹ አልጋው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሴቶቹ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፣ ምግብ በትሪ ከየቤቱ ይመጣል። ዘንድሮ ደግሞ ከተማው ሁሉ ለቅሶ ለምዷል፤ ከካርቱም ሸሽቶ የመጣው ሁሉ መርዶውን የሚሰማው እዚህ ነው። እኔ ራሴ ስንት ሰው ደጅ፣ ስንት እንዲህ ያለ አልጋ ላይ ተቀምጫለሁ። የራሱን ደጅ ግን በሌላ ሰው ዓይን የሚያይ ማን ነው?

መጀመሪያ ያየችን ጎረቤታችን ሓጃ ዘይነብ ናት። ከዚች ሴት ጋር በፍሳሽ ውኃ ምክንያት ተጣልተን ሰላምታ ካቆምን ቆይተናል። ከበሯ ብቅ አለች። አልጋዎቹን አየች፣ ሸራውን አየች፣ ወገቤን ታጥቄ የሚስቴን ስም እየጠራሁ የማንጎራጉረውን እኔን አየች። እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ አንድ ነገር አጉረምርማ ተመልሳ ገባች። ጩኸት በዛባት አልሁ በልቤ፤ ይብዛባት። ለእሷ ብዬ አንድ ስንኝ ጨመርሁ።

ከዚያ መስጊዱ ወጣ። የዓርብ ስግደት ሲያበቃ ሰዉ ሁሌም በየአቅጣጫው ነው የሚበተነው፤ ያን ቀን ግን አልተበተነም። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ወንዶች በእኛ መታጠፊያ ብቅ አሉ፤ ዝግ ብለው፣ ሳይነጋገሩ፣ የመስጊዱ ሸኽ ከፊት። ፊት ለፊቴ ደርሰው ቆሙ። ሁሉም መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ልጆቹ መቀበሉን አቆሙ። እኔም ማውረዱን አቆምሁ።

እኔ የመጣሁበት አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሽማግሎች ተሰብስበው ይመጣሉ። ሞተ ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። መጥተው ይቆማሉ፤ ባለቤቱ ፊታቸውን አይቶ ይረዳል። አባቴን እንዲህ ነው የተረዳሁት፤ ወንድሜን እንዲህ ነው የተረዳሁት። እና ሰዎቹ የመጡት ከሐኪም ቤቱ በኩል ነው፤ መስጊዱና ሐኪም ቤቱ በአንድ ወገን ናቸው። ሸኹ አላህ ያጽናችሁ አሉኝ። ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። መርዶ ይዞ የመጣን ሰው መጠየቅ ነውር ነው፤ ደግሞም መልሱን መስማት አልፈለግሁም።

"ጥሩወርቅ" አልሁ።

ከዚያ በላይ አልቻልሁም። ሸኹ አንገታቸውን ደፉ፤ ከኋላቸው ያሉት ስሟን ተቀባበሉ። እዚያ ቤት ሰው ሞቷል ከማለት በቀር ማን እንደሞተ አላወቁም ነበርና፣ ማን እንደሞተ እነሱ ከእኔ ሰሙ፤ መሞቷን እኔ ከእነሱ ሰማሁ።

ስለ ሐዘን ብዙ አላወራም። ብዙ የሚያወራ ሰው ከሐዘኑ ተርፎ ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልሁ፤ መሬቱ እርጥብ ነበር። ትናንት ልጠይቃት ሄጄ ስወጣ ደህና ዋይ እንኳ አላልኋትም፤ ፍሳሹ ጉድጓድ ሞልቷል ብያት ነው የወጣሁት። የመጨረሻ ቃሌ ፍሳሽ ሆነ አልሁ። ሰላም መጥታ ከፊቴ ቆመች። ምን እንዳሉኝ ጠየቀችኝ። ሰዎቹን አየች፤ ከዚያ ራሷ የደረደረቻቸውን አልጋዎች አየች። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፤ አልጋ ደጅ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በፊት ገባት። የማሕሌትን እጅ ያዘች። ያሬድ ነው ያልገባው። በርከክ ብሎ ጆሮዬ ሥር መጣና "አባዬ፣ ታዲያ ማን አሸነፈ?" አለኝ።



ከዚያ በኋላ ያለው በእኔ እጅ አልነበረም። ወንዶቹ አልጋዎቹ ላይ ተቀመጡ። አልጋ ያነሰው ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። የገበያው ተሸካሚዎች መጡ፤ ጆንያ ስሰፋ አንድም ቀን ደህና አደርህ ብለውኝ የማያውቁ። ትግሬዎቹ መጡ። የእኛ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እዚህ ከተማ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም እያልሁ ነው ዕድሜዬን የጨረስሁት፤ ለካ ሁሉም ያውቀኛል፤ የሚጠራኝ ምክንያት አጥቶ ነው።

ሓጃ ዘይነብ ሴቶቹን አስከትላ መጣች። እስካሁን እሷ እያልሁ ነው የጻፍሁት፤ ከዚህ ወዲያ አንቱ እላቸዋለሁ፣ ምክንያቱን አንብባችሁ ፍረዱ። አጠገቤ ቆመው ያ አኹይ አሉኝ፤ ወንድሜ ማለት ነው። የዓይናቸው እንባ የተከናነቡትን ቶብ አርሶታል። ስለ ፍሳሹ ይቅር በለኝ አሉ። ለዚህ ሰው መሞት ነበረበት ወይ አልሁ በልቤ። ከዚያ ወደ ውስጥ ዘለቁ፤ የቶባቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ሸጎጡ፤ ለቅሶ ቤት ለባለቤቱ አይተውም። ከየቤታቸው መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ ሳሙና አስመጡ። ግድግዳውን ከላይ ጀምረው አበሱት። ወለሉን ጀርም በሚገድለው ፊኒክ አጠቡት፣ ደገሙት። መስኮቱን ወለወሉት። ለጥሩወርቅ የታሰበው አንሶላ ታጥቦ ገመድ ላይ ወጣ፤ በዚያ ፀሐይ ወዲያው ደረቀ። የማሕሌት ከረሜላ በቢላ ተፋቀ። ማንም አልዘፈነላቸውም፤ ማንም ጠሒኒያ አላዘጋጀላቸውም። እያለቀሱ ያጸዱ ነበር። እኔ ከደጅ ሆኜ የመጥረጊያውን ድምፅ እሰማለሁ፤ አሁን ለማን ነው የምትጠርጉት እላለሁ፣ በልቤ ነው። አቧራ የምትፈራው ሴት የለች።

አያ ደሳለኝ የደረሰው በዚህ መካከል ነው። የአገሬ ሰው ነው፤ ከሁላችንም ቀድሞ ገዳሪፍ የገባ፣ ለቅሶና ሠርግ የሚመራ ሽማግሌ። ከሩቁ እየጮኸ መጣ፤ አንገቴ ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ አብረን አለቀስን። ሲጨርስ ዓይኑን ጠረገና የሚጠየቀውን ጠየቀኝ።

"አስከሬኗ የት ነው?"

አላውቅም አልሁት። መቼ እንዳረፈች ጠየቀኝ። እሱንም አላውቅም። ማን ነገረህ ሲለኝ በአገጬ ወደ ሸኹ አመለከትሁ። አያ ደሳለኝ ሄዶ በዐረብኛ ሸኹን አነጋገረ። ሸኹ ለቅሶውን ከሓጃ ሰማን፣ የሞተችውን ከእሱ ብለው በእጃቸው ወደ እኔ አመለከቱ። አያ ደሳለኝ ሓጃን ከውስጥ አስጠራ፤ ሓጃም ወደ እኔ አመለከቱ። ተመልሶ መጥቶ ከፊቴ ቆመና አልጋዎቹን አየ፣ ሸራውን አየ፣ ወገቤን አየ። ብዙ ዘመን ሰው ቀብሯል፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አይቼበት አላውቅም።

"አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን አልጋዎች ያወጣሃቸው ሰዎቹ ሳይመጡ ነው ወይስ ከመጡ በኋላ?"

"ሳይመጡ ነው።"

"ለምን?"

"ቤት ልናጸዳ ነዋ።"

ተነፈሰ። ስልክህ የት ነው አለኝ። ፍራሽ ውስጥ ነው አልሁት፤ የትኛው ፍራሽ እንደሆነ አላውቅም። ሰዉን እያስነሣ ፍራሹን ሁሉ ማገላበጥ ጀመረ። እኔ አልተነሣሁም። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ዘሎ የሚነሣ ይመስላችኋል? ሐዘኑን ተሸክሜ ገና ትከሻዬ ሳይለምደው፣ ምናልባት አልሞተች ይሆናል ማለት ሌላ ጭነት ነው። እንደገና ተስፋ አድርጌ እንደገና ብረዳስ? ቁጭ ብዬ መሬት መሬት አያለሁ።

ረክሻዋ የመጣችው ያኔ ነው። ሐኪሙ ደህና ናት ብሎ አንድ ቀን አስቀድሞ አስወጥቷት፣ ስልክ ቢደውሉ ቢደውሉ የሚያነሣ አጥተው፣ እህቷ ረክሻ ይዛ አመጣቻት። ረክሻዋ በሰው ብዛት ማለፍ አቅቷት መታጠፊያው ላይ ቆመች። ጥሩወርቅ በእህቷ ትከሻ ተደግፋ ወረደች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነው። ሸራውን አየች። ነጠላ ያዘቀዘቁትን አየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ሰውም ወደ ዕቃም አልሄደም፤ ልጆቿን ፈለገ። ሰላም፤ አለች። ማሕሌት፤ አለች። ያሬድ ለጊዜው ጠፍቶባት ፊቷ አመድ ሆነ፤ ከሸራው ሥር ብቅ ሲል ትንፋሿ ተመለሰ። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። የሞተ ሰው ሲመጣ መንገድ የማይለቅ የለም። እኔ ጋ ደርሳ ቁልቁል እያየችኝ ጠየቀች።

"ማን ነው የሞተው?"

"አንቺ" አልኋት።

ከዚያ የተሻለ ቃል መፈለግ ነበረብኝ፤ ግን የነበረኝ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። "አታስቀኝ፤ ስፌቴ ይፈታል" አለችኝ፤ እኔ እንዳላሳቅኋት እግዜር ምስክሬ ነው። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች እስካሁን አልለየሁትም። ልጆቹ ቀሚሷን ሊይዙ ሲሮጡ ሆዷን እንዳይነኩ እጇን ዘርግታ አቆመቻቸው፤ ራስ ራሳቸውን ብቻ ዳሰሰች። ሓጃ ዘይነብ መጥረጊያ እንደያዙ ከበር ሲወጡ ፊት ለፊት ገጠሟት፤ መጥረጊያውን ጥለው በዐረብኛ የጮኹት ጩኸት ሐኪም ቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

የለቀስተኛው ነገር አስቸጋሪ ሆነ። ሞት የለም ተብሎ ሰው እንዴት ይሰናበታል? ትሪዎቹ መጥተዋል፤ ገንፎ መሳዩ አሲዳ ይተናል። ሸኹ ፈረዱ፤ ለሞት የመጣ ምግብ ለሕይወት ይበላል አሉ። ከራማ ይሁን፣ የምስጋና ማለት ነው። ተበላ። ለቅሶ ቢሆን ያን ያህል አይበላም ነበር። ያሬድና ጓደኞቹ ሁለት ቡድን መሆናቸውን ረስተው ከአንድ ትሪ በሉ።

ጥሩወርቅ ወደ ቤት ስትገባ ከኋላዋ ተከተልሁ። እውነት ለመናገር ከመርዶው ይልቅ የፈራሁት ይህን ነው። በሩ ላይ ቆማ አሸተተች። ግድግዳውን አየች፣ ጣራውን አየች፣ ጣቷን መስኮቱ ላይ አሳልፋ ጣቷን አየች። ምንም የለበትም። ይህን ማን አጸዳው ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ናቸው ልል አፌን ስከፍት ሰላም ቀደመችኝ፤ ያለቀሱልሽ ሴቶች ናቸው አለቻት።

አንድ አልጋ ከደጅ አስገብተን ንጹሑ አንሶላ ላይ አስተኛናት። ዓይኗን ስትጨፍን ተኛች ብዬ ልወጣ ነበር። ማን ማን መጣ አለችኝ ሳትገልጥ። ቆጠርሁላት፤ ሸኹ፣ ሓጃ፣ የገበያው ሰዎች፣ ትግሬዎቹ፣ አያ ደሳለኝ።

"ያልመጣ ማን ነው?"

ይህን የጠየቀችው በሙሉ ልቧ ነው። የራሱን ለቅሶ በዓይኑ ያየ ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ዕድሏን ልታሳልፍ አልፈለገችም። የማኅበር ጓደኛዋን አላየኋትም አልኋት። ድሮም አውቃታለሁ አለች። ቀጥላ ደግሞ አንተስ አለቀስህ አለችኝ።

"ሰው ብዙ ነበር" አልሁ።

"አለቀስህ ወይ ነው ያልሁህ።"

"መሬት ላይ ተቀመጥሁ።"

ዓይኗን ገልጣ ረጅም ጊዜ አየችኝ። አንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ተነፈሰችና ይበቃኛል አለች።

በማግስቱ ጠዋት የነቃሁት በመጥረጊያ ድምፅ ነው። ወጥቼ ሳይ ሰላም ግቢውን ትጠርጋለች፤ ስትጠርግ መጥረጊያው መሬቱን የሚነካ አይመስልም። ማሕሌት አቧራው እንዳይነሣ ከፊት ከፊቷ ውኃ ታንጠባጥባለች። ያሬድ፣ መሮጥ ሥራው የሆነው ያሬድ፣ በእግሩ ጣት እየተራመደ የእናቱን በር በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፤ ጨርቁን ያጥባል፤ ተመልሶ ያብሳል። ማንም አላዘዛቸውም። ማንም ከማንም አይወዳደርም። ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ የማደርገውን አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ እንደ ትናንቱ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ዛሬስ የሚያሸንፈው የትኛው ወገን ነው አልኋቸው።

ሰላም ቀና ሳትል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ ዝም በል። እማዬ ተኝታለች።"

በዚህ ከተማ ዝም በል ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ወታደር ብሎኛል፣ ነጋዴ ብሎኛል፣ ሓጃም ብለውኛል፤ ለሁሉም የሚገባውን መልሻለሁ።

ዝም አልሁ።